መሮው ሲጠይቅ፣ ድንጋዩ ሲመልስ

ከሄይቲ ዋና ከተማ ከፖርቶፕሪንስ ብዙም ሳይርቅ ክሯ ዴ ቡኬ የሚባል ከተማ አለ። ጆርጅ ልዮቶ የዚያ ከተማ አንጥረኛ ነበር፤ መሣሪያ ይቀጠቅጣል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ቤተሰብ ሲያዘው በመቃብር ላይ የሚቆም የብረት መስቀል ይሠራል። በ1953 (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዴዊት ፒተርስ የተባለ አሜሪካዊ እነዚያን መስቀሎች አየና ሠሪያቸውን አፈላልጎ አገኘው። ፒተርስ በ1944 በዋና ከተማዋ የሥነ ጥበብ ማዕከል የመሠረተ ሰው ነው። በእሱ ጉትጎታ ልዮቶ ከመስቀል አልፎ ሰውን፣ እንስሳንና የባሕር መንፈስን በብረት መቅረጽ ጀመረ፤ የመቃብር ምልክት የነበረው ሥራ ወደ ሰው ሳሎን ገባ። ዛሬ «የሄይቲ ብረት» እየተባለ በብዙ አገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅርጻ ቅርጽ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚያ አንጥረኛ ወናፍ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል ሲባል የተለመደው መልስ «በእጅ የተሠራ ስለሆነ» የሚል ነው። ይህ መልስ ብቻውን አያጠግብም። እጅ የነካው ሁሉ አያምርም፤ በእጅ የተሠራ አስቀያሚ ነገር ሞልቷል። ሌላው ሰው ደግሞ ውበቱ በጉድለቱ ነው ይላል፤ ትንሽ መዝመሙ፣ ትንሽ መጉበጡ የሰው እጅ ምስክር ነው ይላል። ይህም አያስኬድም፤ ጎበዝ ባለሙያ ጉድለትን ሲሸሽ ዕድሜውን ይጨርሳል እንጂ ጉድለትን አያሳድድም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሌላ ነው። የእጅ ቅርጻ ቅርጽ ዋጋው ሠሪው ከድንጋዩ ወይም ከብረቱ ጋር እየተመላለሰ በወሰናቸው ውሳኔዎች ነው። ቁሱ እንቢ ይላል፣ እጅ ብልሃት ይፈልጋል፣ ቁሱ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ይህ ምልልስ ቅርጹ ላይ ይቀራል። ዓመት ከዓመት ቢያዩት የማይሰለቸውም ይህ ምልልስ ያለበት ሥራ ነው።

የሄይቲው ሥራ መነሻ ሁለት መቶ ሊትር ያህል የሚይዘው፣ ሁላችንም የምናውቀው የነዳጅና የዘይት በርሜል ነው። የላይና የታች ክዳኑ በመሮ ተቆርጦ ይወጣል። ሆዱ ውስጥ ደረቅ ገለባ ወይም ቅጠል ይጠቀጠቅና እሳት ይለቀቅበታል፤ ቀለሙና የዘይቱ ትራፊ ተቃጥሎ ያልቃል። ሲቀዘቅዝ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቅና ሰው ወጥቶበት በእግሩ እየረገጠ፣ በመዶሻ እየደበደበ ይዘረጋዋል። ጥቅልሉ ሲፈታ ርዝመቱ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ወርዱ አንድ ሜትር የማይሞላ ላሜራ ይገኛል። ንድፉ በጠመኔ ይሳልበትና በመሮና በመዶሻ ይቆረጣል። በጥንታዊው አሠራር ብየዳ የለም፣ የኤሌክትሪክ መቁረጫም የለም። ጠርዙ በሞረድ ይስተካከላል፤ የወፉ ላባ፣ የዓሣው ቅርፊት በደነዘ መሮ ከጀርባ እየተመታ ይነፋል፤ በመጨረሻም ዝገት እንዳይበላው ቫርኒሽ ይቀባል።

አሁን ቁሱ የሚያስገድደውን እናስብ። የተቆረጠ አይመለስም፣ ያነሰ አይቀጠልም። ሠሪው ክንፏን የዘረጋች ወፍ ከፈለገ ክንፉ ከላሜራው ዳር ሲደርስ መታጠፍ አለበት። ሁለት ቅርጾች የሚያያዙበት ስስ ድልድይ ካልተወ ደግሞ ሥራው ተበጥሶ ይወድቃል። በሄይቲ ብረት ላይ ጸጉር ወደ ቅጠል፣ ቅጠል ወደ ዓሣ፣ ዓሣ ወደ ሰው እጅ ሲሸጋገር የምናየው በሠሪዎቹ ምናብ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ አንዱ አካል ሌላውን ካልያዘ የሚቆም ነገር ስለሌለ ጭምር ነው። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እዚያም ያረጀ በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃ፣ ባልዲና ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ቀጥቃጩ ከብረቱ ጉብታና መጋጠሚያ ጋር እየተስማማ ይሠራል። በክሯ ዴ ቡኬ ይህ ብልሃት ከዕቃ ወደ ምስል ተሻገረ።

ስለ ድንጋይ ለመነጋገር ደግሞ ወደ ዚምባብዌ መሄድ ይበጃል። የአገሪቱ ስም ራሱ በሾና ቋንቋ «የድንጋይ ቤቶች» ከሚል አነጋገር እንደመጣ ይነገራል። በታላቁ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ከሳሙና ድንጋይ የተቀረጹ ስምንት ወፎች ተገኝተዋል፤ የወፏ ምስል ዛሬ በባንዲራዋ ላይ አለ። ይሁንና አሁን በየቤቱ የሚታየው የዚምባብዌ ድንጋይ ከዚያ ዘመን ሳይቋረጥ የወረደ ሙያ አይደለም። በ1957 በያኔዋ ሳልዝበሪ፣ በዛሬዋ ሐራሬ፣ ብሔራዊው ጋለሪ ሲከፈት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፍራንክ ማክዩን ነበር። በኒያንጋ አካባቢ የግብርና ሠራተኛ የነበረውን ጆራም ማሪጋን አበረታታ፤ ማሪጋም ድንጋይ መቅረጽን ለሌሎች አስተማረ። ቀጥሎ ፖለቲካ ገባበት። አገሪቱን ይገዛ የነበረው የነጮች መንግሥት በ1965 በገዛ ራሱ ነፃነት ሲያውጅ በአገሪቱ ላይ ማዕቀብ ወደቀና የትምባሆ ገበያ ተጎዳ። ቶም ብሎምፊልድ የተባለ የትምባሆ ገበሬ ሠራተኞቹን በምን እንደሚያኖር ሲጨነቅ፣ ክሪስፐን ቻካንዩካ የተባለ ቀራጺ በእርሻው ላይ ለመቅረጽ የሚሆን ድንጋይ መኖሩን አሳየው። የቴንጌኔንጌ የቀራጺዎች መንደር በ1966 እንዲህ ተጀመረ። ዓለም ሥራውን «የሾና ቅርጽ» ብሎ ቢጠራውም ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከአንጎላና ከዛምቢያ የመጡ ሰዎች ነበሩበት። በ1971 የዚምባብዌ ድንጋዮች ፓሪስ በሚገኘው የሮዳን ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ። ትናንት ትምባሆ ይለቅም የነበረ እጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እዚያ መድረሱ ያስገርማል። ጋለሪው የሚወደውን እየመረጠ አቅጣጫ ማስያዙ አይካድም፤ የዕለት ከዕለት ትምህርቱ ግን ከድንጋዩ የተገኘ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን፣ አንድ የሰው ራስ፣ ቀረብ ብለን እንመልከት። ድንጋዩ ሰርፐንታይን የሚባለው ወገን ነው፤ አገሪቱን 550 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ መቀነት አቋርጦ የሚያልፈው ታላቁ ዳይክ የሚባለው የዓለት ሰንሰለት በዚህ ድንጋይ የታወቀ ነው። ከመሬት ሲወጣ አየርና ዝናብ ያበለዙት ቡናማ ቅርፊት አለው፤ ውስጡ ግን ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነው። ቀራጺው ፊቱን ጠርቦ ያወጣና ጸጉሩን በቅርፊቱ ይተወዋል። መሮ ነክሶት ያለፈው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ጉንጩና ግንባሩ በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው ውሃ እየነካ ይታሻል። ከዚያ ድንጋዩ በእሳት ይሞቅና ሰም ይቀባል፤ ያን ጊዜ ደብዛዛው ግራጫ ጠፍቶ ጥልቅ ጥቁረት ይወጣል። አንድ ጠብታ ቀለም ሳይነካው በአንድ ድንጋይ ላይ ሦስት ገጽ ይገኛል፦ ተፈጥሮ የሰጠችው ቅርፊት፣ መሮ የነከሰው ሸካራ፣ እጅ ያለሰለሰው አንጸባራቂ። አንዱ የት ቆሞ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚወስነው ቀራጺው ነው። ውስጥ ለውስጥ የሄደ ስንጥቅ ካገኘ አገጩን ያሳጥራል፤ ቀለሙ የተለየ ሥር ከመጣበት ጉንጩን በዚያ ያዞራል። በጥሩ ሥራ ላይ ቅርፊቱ የቀረው ጉልበት ስላለቀ አይደለም፤ ከዚያ የተሻለ ጸጉር ስለማይገኝ ነው።

ይህ ሐሳብ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቅኔያችን ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የተዋሰው ከአንጥረኛው ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ ወይም ነሐሱ በቦታው ይፈሳል። ከጥንታዊ መስቀሎቻችን መካከል በዚህ መንገድ የተገኙ አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከብረት ተቆርጠውና ተቀጥቅጠው የተሠሩ ናቸው። በሰም አሠራር ምልልሱ የሚካሄደው ብረቱ ሳይመጣ ነው፤ በሰሙ ላይ የቀረ የቢላዋ ጭረት ብረት ሆኖ ይወጣል። ጭቃው ተሰብሮ ጌጡ ስለሚወጣም በዚያው ጭቃ ሁለተኛ ማፍሰስ የለም፤ ሌላ መስቀል ከተፈለገ ሌላ ሰም መሥራት፣ ማለትም እንደገና መወሰን ግድ ይላል። ሁለት ወንድማማች መስቀሎች ተመሳስለው እንኳ አንድ የማይሆኑት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል፤ ማሽንስ? ዛሬ በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ የፈለጉትን ንድፍ ከላሜራ ላይ ይቆርጣል። ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ፕላስቲክ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲፈስ የመሮውን ጠባሳ ሳይቀር ይገለብጣል። ከሩቅ ሲያዩት የማይለይ ከሆነ ልዩነቱ ምንድን ነው? ጥያቄው ብርቱ ነው፤ «የእጅ ሥራ ነፍስ አለው» በሚል አነጋገር ብቻ አይታለፍም። መልሱ እንዲህ ነው፦ የተገለበጠው ጠባሳ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁስ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ትዝታ ነው። ሬዚን ስንጥቅ የለውም፤ ስለዚህ ያጠረው አገጭ እዚያ ላይ ምክንያት የለውም። ላይ ላዩን ለሚያይ እንግዳ ይህ ምንም አይደለም፤ አሥር ዓመት አብሮት ለሚኖር ሰው ግን ልዩነት አለው። ምክንያት ያለው ቅርጽ ሲመረመር ሌላ ምክንያት ያሳያል፤ የተገለበጠው ግን መጀመሪያ ቀን ባሳየው ላይ ይቆማል። ደግሞም ቀረብ ለሚል ሰው ምልክቱ ብዙ ነው። ድንጋይ ሲነኩት ቀዝቃዛ፣ ሲያነሡት ከባድ ነው፤ ሬዚን ለብ ያለ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከሥሩ ወይም ከጎኑ የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ መስመር ይገኝበታል። ማሽን የቆረጠው ላሜራ ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ መሮ የቆረጠው ግን አጫጭር ምቶች ተቀጣጥለው የሠሩት መንገድ ነው፣ ጣት ሲሄድበት ይቆጠራል። ይህ ማለት መሣሪያው ኤሌክትሪክ ከነካው ሥራው ወደቀ ማለት አይደለም። ዛሬ ብዙ ቀራጺዎች ትርፉን ድንጋይ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ያስወግዳሉ። ዋናው ጉዳይ ውሳኔው በዚህ ድንጋይ ላይ፣ ይህን ድንጋይ አይቶ መወሰኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሱ ከእጅ ሥራ መንደር ስለሚመጣ ይበልጥ ይከብዳል። በኬንያ ኪሲ አካባቢ፣ ታባካ በሚባለው ስፍራ፣ የሚወጣው የሳሙና ድንጋይ በጣም ለስላሳ ነው፤ በቢላዋ ይቀረጻል። ቤተሰብ ተከፋፍሎ ይሠራዋል፤ አንዱ ይጠርባል፣ አንዱ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሻል፣ አንዱ ቀለም ይቀባል። ዝሆኑ፣ ጉማሬው፣ የተቃቀፉት ጥንዶች፣ ሁሉም በእጅ የተሠሩ ናቸው፤ ሁሉም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በዚምባብዌም ማክዩን ለአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ተብሎ የሚሠራውን ሸቀጥ አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። ታዲያ እጅ ራሱ ማሽን ሆኖ ሲያበቃ «የእጅ ሥራ» ብሎ ማሞገስ ምን ይረባል? ይህን ተቃውሞ መቀበል ያስፈልጋል፤ እንዲያውም መከራከሪያውን ያጠራዋል። እጅ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ውሳኔ ከሌለበት አንድ ሺህ ጊዜ የተደገመ ዝሆን በእጅ የተሠራ ግልባጭ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን በሠሪው ላይ ብቻ መጫን ግፍ ይሆናል። የሚደገመው የሚሸጠው ነው፤ የልጆች ትምህርት ቤት የሚከፈለው ከሱ ነው፤ ጀማሪ እጁን የሚያፍታታውም በድግግሞሽ ነው። ገዢው ሁልጊዜ ያንኑ ዝሆን ሲጠይቅ ቀራጺው ለየት ያለ ድንጋይ ቢያገኝ እንኳ ዝሆን ያደርገዋል። ስለዚህ ምን እንደሚሠራ በመወሰን ረገድ የገዢው ዓይን ከመሮው ያልተናነሰ ድርሻ አለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዋጋ ነው። ኑሮ በከበደበት ዘመን ስለ ድንጋይ ራስ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ለዕለት ጉርስ የሚጨነቅን ቤተሰብ ቅርጻ ቅርጽ ግዛ የሚለው ማንም የለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አሁንም ቢሆን ለጌጥ የሚያወጣውን ቤት ነው። የብዙ ሳሎኖችን ቡፌ ብናይ የጂፕስ አንበሳ፣ የሬዚን ፈረስ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ አቧራ የጠገበ ሰዓት ተደርድሮ እናገኛለን፤ ሲሰለች ወይም ሲሰበር ይጣልና ሌላ ይገዛል። የአምስቱ ዋጋ ተደምሮ አንድ ትንሽ፣ በደንብ የተሠራ ነገር ሊገዛ ይችላል። ዋጋው ውድ የሚመስለው ምን እንደያዘ ስለማይታይ ነው፦ ድንጋዩን ቆፍሮ ማውጣት፣ ማጓጓዝ፣ የቀናት መጥረብና ማሸት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጨረሻው ቀን በአንድ ምት ሊሰነጠቅ የሚችለው ሥራ። ሩቅ አገር ተጉዞ በሚሸጥ ድንጋይ ላይ ከሚከፈለው ብዙውን የሚበላው ግን ክብደቱና ነጋዴው ነው። ስለዚህ ከሠሪው በቀረቡ ቁጥር ገንዘቡም ወደ እጁ ይቀርባል። ነገ በእጥፍ ይሸጣል ብሎ መግዛት ግን መታለል ነው፤ የቤት ቅርጽ የሚገዛው ለመታየት ነው።

አራተኛው ከባህል የሚነሳ ነው፤ ሐውልት የአደባባይና የመቃብር ነው፣ ለቤት አይሆንም የሚል። ይህን ስሜት መናቅ አይገባም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሚያዘነብለው ወደ ሥዕል እንጂ ወደ ሐውልት አይደለም፤ በእስልምናም ዘንድ ነፍስ ያለው ነገር ምስል የማይፈለግበት ሰፊ ትውፊት አለ። ነገር ግን ቅርጻ ቅርጽ ማለት የግድ ፊት ያለው ምስል ማለት አይደለም። በአክሱም 33 ሜትር የሚደርሰውን ዓለት የጠረቡ ሰዎች ፊት አልቀረጹበትም፤ በርና መስኮት፣ የእንጨት ወራጅ ጫፍ ነው የቀረጹበት፤ ድንጋይን የቤት መልክ አስይዘውታል። የእጅና የአንገት መስቀሎቻችን ሐረግም ሰው የለበትም። ጥበቡን ከዚህ ወገን የሚወስድ ቅርጽ ማንንም ሳያስከፋ ቤት ይገባል። እንዲያውም ከሃይማኖቱ ይልቅ ያራቀን ንቀት ሳይሆን አይቀርም። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ የሚሠራን ሰው በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ማረሻውን፣ ጌጡን፣ መስቀሉን ከቀጥቃጭ እጅ ተቀብለን ቀጥቃጩን ከደጅ የመለስን ሰዎች ነን። የሱን ሥራ በሳሎናችን የክብር ቦታ ማስቀመጥ ያን ሁሉ አይክስም፤ ሥራውን ወዶ ሠሪውን መናቅ ግን ከዚያ በኋላ ያሳፍራል።

ቤት ከገባ በኋላ አያያዙም ከዚሁ ሐሳብ ይከተላል፤ ምልልሱ እንዲታይ ማድረግ ነው። ፊት ለፊት የሚበራ አምፖል ሸካራውንና ለስላሳውን አንድ ያደርገዋል፤ ከጎን የሚመጣ የመስኮት ብርሃን ግን እያንዳንዱን የመሮ ምት ያወጣዋል። የግድግዳ ብረት ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ከራቀ ጥላው ሁለተኛ ሥዕል ይሠራል። የተዝረከረከ ቡፌ ላይ ከሌላ ጌጥ ጋር ከመደርደር ብቻውን ማቆም ይሻላል፤ ከባድ ድንጋይ ሕፃን ገፍቶ የማይጥለው መደብ ይፈልጋል። ድንጋዩን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ሲደበዝዝም ቀለም የሌለው ሰም በስሱ መቀባት ይበቃዋል። ሎሚ፣ በረኪና ወይም የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ግን አይንካው። ብረቱ ጠላቱ እርጥበት ነው። መዳሰስን አትከልክሉ፤ የተለሰለሰ ድንጋይ ቢዳሰስ አይጎዳም።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ታዲያ በእጅ መሠራቱን ጠይቆ ብዙ አያተርፍም፤ አዎ የማይል ሻጭ የለም። ሠሪውን ካገኘው የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ሐሳብህን የለወጥከው የት ላይ ነው?» ያንኑ ዝሆን ለሺኛ ጊዜ የሠራ ሰው ጥያቄው አይገባውም። ከቁሱ ጋር የተመላለሰ ሰው ግን ጣቱን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋል፤ እዚህ ጋ ስንጥቅ መጣብኝ፣ እዚህ ጋ ላሜራው አለቀ፣ ይህን ቅርፊት ላነሣው ስል ተውኩት ይላል። ያ ቦታ ያለበትን ነገር ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ጠዋት ጠዋት ዓይኑ የሚያርፍበትን ያውቀዋል።